በፓስፖርቱ እንደተጻፈው

ዲላ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በመድኃኒት ቤትና በሞባይል መጠገኛ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ቢሮ አለች። መስታወቷ ላይ «ጽጌ የጉዞ ወኪል» የሚል ጽሑፍና ጭራው የተላጠ አውሮፕላን ተለጥፏል። ጥሩብርሃን ሽብሩ በዚህች ቢሮ ተቀምጣ የመንገደኛ ስም መጻፍ ከጀመረች ቆይታለች። ባንኮ ጎቲቲ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከቡና ገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ዲላ ተምራ፣ ዲላ ሥራ ይዛ ቀረች። ራሷ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። የሄዱትን ግን በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም ታውቃቸዋለች። እንደሄዱ ቀርተው እሷ ዘንድ የቀረው ስማቸው ብቻ የሆነም ብዙ ነው።

ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ከወርቃ የመጡ እናትና ልጅ ፊቷ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ፈይዛ ትባላለች፤ ጅዳ ወዳለች አክስቷ ልትሄድ ነው።

«የትውልድ ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መጋቢት ሁለት» አለች ጥሩብርሃን ከፓስፖርቱ ላይ እያነበበች።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «እሱ ቀን ውሸት ነው። ልጄ ቡና ለቀማ ላይ ነው የተወለደው። እኔ ነኝ የወለድኩት።»

«እውነቱን እርስዎ ያውቃሉ፣ እናቴ። እዚያ ያሉት ሰዎች ግን የሚያውቁት ይሄን ፓስፖርት ብቻ ነው። ስሙም፣ ቀኑም፣ ጾታውም እዚህ ላይ እንደተጻፈው መሆን አለበት። ስሟ ከእሷ ቀድሞ ይሄዳል። ይቺ ልጅ ማን ናት ብለው መዝገባቸውን አጣርተው ነው የሚያሳፍሯት። ከተሳሳተ ስሟ ይሄድና እሷ ትቀራለች።»

«ስሙ ሄዶ ልጄ ቢቀር፣ እኔ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ እናትየው መሬት መሬት እያዩ።

ፈይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጥሩብርሃን እንደ ልማዷ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ ልጅቷ አዙራ፣ ፊደል በፊደል እየጠራች አስነበበቻት። «ትክክል ነው?» ስትላት ልጅቷ «ትክክል ነው» አለች። ይህን ሳታደርግ ትኬት ቆርጣ አታውቅም።

እናትና ልጅ ሲወጡ ወይዘሮ ጽጌማርያም ገቡ። ቢሮውም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሕንፃ መሣሪያ መደብርም የእሳቸው ነው። ባላቸው አቶ እንግዳ ለመንግሥት ሥራ ከጎጃም ተዛውረው መጥተው፣ ዲላን ወደው፣ እዚሁ ቤት ሠርተው፣ እዚሁ ነው የተቀበሩት። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አራግፈው፣ አንድ ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ለጥበቡ ቁረጪለት። ዱባይ። መሄጃ ብቻ።»

የጥሩብርሃን ጣቶች ባሉበት ቀሩ።

ጥበቡ የወይዘሮ ጽጌማርያም አንድያ ልጅ ነው። የመደብሩን ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነው። ከእናቱ መደብር ወደ እናቱ ቢሮ መንገዱን እያቋረጠ ሲመላለስ ነበር የተዋደዱት። እሁድ እሱ ከቅዳሴ፣ እሷ ከመዘምራን ልምምድ ሲወጡ በየፊናቸው ወደ ለገዳራ ወንዝ ይወርዱና ከድልድዩ አልፈው ይገናኛሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ወይዘሮ ጽጌማርያም የሰሙ ቀን አልጮኹም፤ ጥሩብርሃንንም ከሥራ አላባረሯትም። «የኔ ልጅ በተክሊል ነው የሚያገባው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የገበሬ ልጅ፣ ያውም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ መሆኗን መናገር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ጥበቡም «ጊዜ ስጪኝ፣ እነግራታለሁ» እንዳለ ነበር።

«ለመቼ ነው እትዬ?» አለች ጥሩብርሃን ድምፅዋን አስተካክላ።

«ለሐሙስ። ወንድሜ ቪዛውን ጨርሶለታል። እዚያ ንግዱ ውስጥ ያስገባዋል።»

«እሱ… ያውቃል?»

ወይዘሮዋ ትክ ብለው አዩዋት። «ፓስፖርቱን ማን የሰጠኝ ይመስልሻል?»

ጥሩብርሃን ፓስፖርቱን ገለጠች። ጥበቡ ከፎቶው ላይ አያት። ያቺን ፎቶ ሊነሳ ሲገባ ኮሌታውን ያስተካከለችለት እሷ ናት፤ ሳቁን ጨርሶ ስላልዋጠ ከከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷል። እላይዋ ላይ የቆሙት እናቱ ናቸው። ፓስፖርቱን መልሳ ዘጋችው።

ስሙን ሳታይ ጻፈችው። ጥበቡ እንግዳ ዘመንፈስቅዱስ። ይህን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንቴ በኢሜይል አይታዋለች፤ ስንቴስ በባዶ ወረቀት ላይ ለራሷ ጽፋዋለች። ከእሷ በላይ ይህን ስም ማን ያውቀዋል? የትውልድ ቀኑን ጻፈች። ጾታ ከሚለው ሥር ወንድ የሚለውን መረጠች። አዙራ የምታስነብበው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌማርያም ፓስፖርቱን አንስተው ሲወጡ፣ ያቺ ጠባብ ቢሮ እንደዚያ ሰፍታባት አታውቅም።

*

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጥበቡ መጣ። ከበሩ ሥር ቆመ። እሷም ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ትኬቴ እዚህ ነው ተባልኩ።»

«አዎ።» ፖስታውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋችለት።

አንስቶ ሳይከፍተው ያዘው። «አንቺ ነሽ የቆረጥሽልኝ?»

«ሌላ ሠራተኛ አለ እንዴ?»

«ምንም ሳትዪ?»

ምን ማለት ነበረባት? የሚሄደው እሱ፣ የደበቀው እሱ፣ የምትናገረው እሷ? በአፏ የመጣውን ሁሉ ዋጠችውና ለማንኛውም መንገደኛ የምትለውን አለችው። «ሁለት ሻንጣ ይፈቀድልሃል። ቦሌ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመህ ድረስ።»

«ጥሩ» አላት።

ስሟን መጥራቱ ይሁን፣ እሺ ማለቱ አልለየችም። ቀና ብላ ብታየው ታውቅ ነበር። ግን ቀና ብትል እንባዋን ስለሚያይ አቀርቅራ ቀረች። እሱ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አድርጎ አንዴ ዞረ፤ እሷ የጠፋ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣለች። በሩ ተዘጋ።

ሐሙስ ማታ የመዘምራን ልምምድ ነበር። ጥሩብርሃን ከሁሉም እኩል ቆማ አፏን ስታንቀሳቅስ አመሸች። አጠገቧ የምትቆመው ፍሬ፣ የልጅነት ጓደኛዋ፣ «ድምፅሽ የት ሄደ ዛሬ?» አለቻት። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብላ መለሰች። ይሄኔ ሻንጣውን አስረክቧል። ይሄኔ ጫማውን አውልቆ በፍተሻው እያለፈ ነው። ይሄኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሰው አጠገቧ እየዘመረ፣ እሷ አንድ እሱን ብቻ በየበሩ እየተከተለች ሸኘችው።

*

አርብ ጠዋት ቢሮውን ልትከፍት ስትመጣ ወይዘሮ ጽጌማርያም በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ልጄ ቦሌ አደረ» አሉ።

ጥሩብርሃን ቁልፉን አዙራ በሩን ከፈተች።

«የትኬቱ ስምና የፓስፖርቱ ስም አይገናኝም ብለው መለሱት። ሰው ሁሉ ሲገባ የኔ ልጅ ብቻውን ከሻንጣው ጋር ውጪ ቀረ።»

ገብታ ኮምፒውተሩን አበራች። ወይዘሮዋ ይዘው የመጡትን የፓስፖርቱን ቅጂ ከትኬቱ ጎን አድርጋ አስተያየችው። ዘመንፈስቅዱስ የሚለው የአያቱ ስም ፓስፖርቱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተጻፈው፤ አናባቢዎቹም ሌላ ናቸው። እሷ የጻፈችው እሱ ለእሷ ሲጽፍላት እንደነበረው አድርጋ ነው። ጥበቡ የሚለውም አንድ ፊደል ተለውጧል። ለሚያውቀው ሰው ያው አንድ ስም ነው። ለማያውቀው ግን ሁለት ሰው ነው።

«ስንት ዓመት የሰው ስም ስትጽፊ አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም» አሉ ወይዘሮዋ። «የኔ ልጅ ላይ ስትደርሺ ተሳሳትሽ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። ግን አውቄ አይደለም።»

«ማን ያምንሻል?»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ጥሩብርሃን ራሷም ያንኑ ጥያቄ ራሷን እየጠየቀች ነበር። እጇ ልቧን ሰምቶ ይሆን? ደጋግማ አሰበች፤ አይደለም። ስላላየችው ነው። ዓይኑን ማየት ስላልቻለች ነው።

«ነገ ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ጽጌማርያም በሩ ላይ ደርሰው። «ስሙን አስተካክለሽ ሌላ ትቆርጪለታለሽ። ከዚያ ቁልፌን ታስረክቢኛለሽ።»

ከሥራ መባረሯን ያወቀችው እሳቸው መንገዱን ከተሻገሩ በኋላ ነው። የገረማት ግን ሌላ ነገር ነበር። «ነገ ይመጣል» የሚለውን ከሰማች በኋላ የቀረውን ሁሉ በደንብ አልሰማችውም ነበር።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥበቡ ሻንጣውን ቤት እንኳ ሳያደርስ ከመናኸሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ቢሮው መጣ። ዝናብ አብስብሶታል። ፊቱ ግን እንደተመለሰ ሰው አልነበረም፤ በርቶ ነበር።

«ብርሃኔ» አላት። ከድልድዩ ማዶ ብቻ ነበር እንዲህ የሚጠራት። ዛሬ በቢሮው፣ በሩ ክፍት ሆኖ ጠራት።

«ሁሉንም ልንገርሽ» አለ ሳይቀመጥ። «መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴንና ኮምፒውተሯን አስተያየች፣ አስተያየችና ‘ይሄ ስም ያንተ አይደለም’ አለችኝ። ከኔ በፊት እንዲሁ የመለሱት አንድ ሰውዬ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ሳቅኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። ውጪ ወጥቼ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩና፣ አስቀረችኝ አልኩ። አትሂድ ማለት ቢያቅታት በጣቷ አስቀረችኝ አልኩ። ሞጆ ላይ፣ ሻሸመኔ ላይ፣ ሐዋሳ ላይ እሱን ብቻ ነው የማስበው። አውቀሽ ነው አይደል?»

ጥሩብርሃን አየችው። «አዎ» ብትል በቃ ነው። አንዲት ቃል። ያ የበራ ፊት እንደበራ ይቀራል። ቃሏ አፏ ውስጥ ቀልጣ አለቀች።

«አይደለም» አለችው።

የሻንጣውን እጀታ ለቀቀ።

«ተሳስቼ ነው፣ ጥበቡ። እናትህ እላዬ ላይ ቆመው ነበር። ፎቶህን ማየት አቃተኝና ፓስፖርቱን ዘጋሁት። ስምህን በቃሌ ነው የጻፍኩት። የማውቀው መስሎኝ።»

የመንገደኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከጸጉሩ የሚወርደው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። «እንግዲያው እንድሄድ ነበር የፈለግሽው።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ትኬቱን ስትሰጪኝ ስለ ሻንጣ ነው ያወራሽኝ።»

«አንተስ? መሄድህን የሰማሁት ከእናትህ ነው። ያውም እንደ ሥራ ትእዛዝ። ፓስፖርትህን ራስህ ሰጥተሃቸው።»

«የሰጠኋት ለቪዛ ነው። የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። ቢመጣም እሷን እስካሳምን ጊዜ አለ ብዬ ነው። ማታ ስገባ፣ ‘ልጅቷ ራሷ ቆረጠችልህ፤ ምንም አላለችም’ አለችኝ። በቃ ጨርሳለች አልኩ። ቆርጠሽልኝ የለ?»

ተያዩ። ሁለቱም ያንን የረቡዕ ቀትር እያሰቡ ነበር። እሱ ከበሩ ሥር፣ እሷ ከወንበሯ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ሌላው እስኪናገር ሲጠብቁ። ያኔ ይዘንብ የነበረው ዝናብ እስካሁን አላባራም።

«አውቄ ነው በይኝ» አላት ዝግ ባለ ድምፅ። «ውሸትም ቢሆን ግድ የለኝም። አውቄ ነው ካልሽኝ አልሄድም።»

«ከዚያ እናትህ ሲጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው?»

«አስቀረችኝ እላታለሁ።»

«አየህ» አለች። «‘ቀረሁ’ አትላቸውም። ‘አስቀረችኝ’ ነው የምትላቸው። ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ልጅ ብንወልድም፣ እኔ ያስቀረሁህ ሰው ነኝ። ነገር በከፋብህ ቀን ሁሉ ዱባይ ትዝ ይልሃል፤ ያኔ ያስቀረችኝ ይቺ ናት ትላለህ። ባትናገረው እንኳ ከፊትህ አነበዋለሁ። እኔ ላስቀርህ አልፈልግም ጥበቡ። እንድትቀር ነው የምፈልገው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱን ብታውቀው ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ስጪኝ አትለኝም ነበር።»

ይህን ስትለው ፊቱን እንደተመታ ሰው ዞር አደረገ። አሳዘናት። ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ አጠገቡ ቆመች።

«ስማኝ። ማክሰኞ መናገር ነበረብኝ፣ ረቡዕም መናገር ነበረብኝ። ይኸው አሁን እላለሁ። አትሂድ። እወድሃለሁ፣ አትሂድ። እናትህ ማዶ መደብር ውስጥ ናቸው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ጥሩብርሃንን ነው የምፈልገው፣ ቀርቻለሁ በላቸው። ይቆጡ፣ ያልቅሱ፣ ዝም ይበሉ፣ ምንም ቢሆን ተናግረህ ተመለስ። ይሄን ኮምፒውተር አጥፍቼ፣ ቁልፋቸውን ሰጥቼ፣ የትም ብትለኝ አብሬህ እወጣለሁ።»

ጥበቡ ተነሳ። ወደ መስታወቱ ሄደ። በተላጠው አውሮፕላን ሥር ከመንገዱ ማዶ እናቱ ይታያሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው ለአንድ ገበሬ ሚስማር እየመዘኑ ነው። ባጃጅ ውሃ እየረጨ አለፈ። እጁን የበሩ እጀታ ላይ አደረገ።

ጥሩብርሃን ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። አንድ እርምጃ። ከዚያ ሌላው ይቀላል። በሕይወቷ እግዚአብሔርን እንደዚያች ሰዓት አጥብቃ ለምና አታውቅም። ለሀብት፣ ለጤና አይደለም፤ የአንድ ሰው እጅ አንድ በር እንዲገፋ ነው።

ማዶ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሚስማሩን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡና፣ ደንበኛው ሲወጣ ባዶው መደብር ውስጥ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

እጁ ከእጀታው ላይ ወረደ።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ ልቧ ደክሟል» አለ ወደ ውጪ እንዳየ። «እንዲህ ፊቷ ቆሜ…» ቃሉን አልጨረሰውም።

ጥሩብርሃን አልተናደደችበትም። ይሄው ነበር የወደደችው ሰው። ማንንም ማስቀየም የማይችል፣ ስለዚህም ከሁሉ የሚያስቀይመው የሚወደውን ሰው። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ና ቁጭ በል» አለችው፤ ለታመመ ሰው እንደሚነገር አድርጋ። «ፓስፖርትህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ገለጠችው። በዚህኛው ጊዜ አልዘጋችውም። ፎቶው ላይ ከከንፈሩ ጥግ የቀረችውን ሳቅ አየቻት፤ ደህና አድርጋ አየቻት፤ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፈች። ጨርሳ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሱ አዞረችው።

«ሙሉ ስም፣ በፓስፖርቱ እንደተጻፈው። ጥበቡ እንግዳ ዘመንፈስ ቅዱስ።» እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየነካች ጠራችለት። «ትክክል ነው?»

የእሱ ዓይን ጽሑፉ ላይ ሳይሆን ጣቷ ላይ ነበር።

«ትክክል ነው» አለ።

«የትውልድ ቀን።» አነበበችለት። ልደቱን ሁለት ጊዜ ከድልድዩ ማዶ አብረው አክብረዋል፤ አንዴ በሙዝ፣ አንዴ በኬክ። «ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«ጾታ፣ ወንድ። ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ። ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን ይኸው። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው፣ ጥሩ።»

«በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው። ስምና ስልክ።»

ይህን ከዚህ በፊት የእናቱን አድርጋ ሞልታው ነበር። እንዲሁ ልታልፈው ስትል እጇን ያዘው።

«ጥሩብርሃን ሽብሩ» አለ።

ቀና ብላ አየችው።

«አንድ ነገር ብሆን ለማን ይደወል እያልሽኝ አይደል? ላንቺ ይደወል። ጥሩብርሃን ሽብሩ። ስልኩን ታውቂዋለሽ።»

«እናትህስ?»

«ይሄን እነግራታለሁ» አለ። «ሌላውን አልቻልኩም። ይሄን ግን ዛሬ እነግራታለሁ።»

የራሷን ስም ከስሙ ሥር ጻፈችው። ሁለቱ ስሞች አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የወረደው። አልጠረገችውም። እሱም አላባበላትም። የሚመጣው ረቡዕ በረራ ላይ ቦታ ያዘችለት፤ ወረቀቱን አትማ አጥፋ ሰጠችው።

«ሦስት ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

ሻንጣውን አንስቶ መንገዱን ተሻገረ። የተሻገረው ወደ እናቱ ነው፤ የተሻገረው ግን እሷ እንደለመነችው አልነበረም።

*

ቁልፉን ያስረከበችው በዚያው ምሽት ነው። ወይዘሮ ጽጌማርያም ተቀበሏት፤ ዓይኗን አላዩም፣ እሷም አላየችም።

ረቡዕ አልፎ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተከራየችው ክፍል ውስጥ ልብሷን ስታጣጥፍ ስልኳ ጮኸ። ለጊዜው ባንኮ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ነበር። መልእክቱ ከማታውቀው የውጪ ቁጥር ነው። «ደረስኩ» ይላል። ሌላ የለውም። ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሌላ አልመጣም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ናቸው። ጃንጥላ አልያዙም። ነጠላቸው ረጥቦ ከራሳቸው ጋር ተጣብቋል። እዚህ ደጃፍ መጥተው አያውቁም፤ ማንን ጠይቀው እንዳገኙት እንጃ።

«ስልኩ ላይ ብደውል አይጠራም» አሉ ቆመው። «አንድ ነገር ቢሆን የሚደውሉት ላንቺ ነው ብሎኛል። ደውለውልሻል?»

«ይግቡ እትዬ።»

ገቡ። ክፍሏ ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር ሰጠቻቸው፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አሮጊት አልነበሩም፤ በዚያች ሰዓት ግን መስለዋል።

«ደርሷል» አለች ጥሩብርሃን። «አሁን ቅድም ነው የጻፈልኝ። በሰላም ደርሷል።»

ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሻሹ፣ ቶሎ ሊጠይቁት ያልፈለጉትን ነገር ጠየቁ። «ስለ እኔ… ምን አለ?»

ጥሩብርሃን ስልኩን መዳፏ ውስጥ ይዛ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ራሷን ሊያድናት ይችል የነበረውን አንድ ውሸት አልዋሸችም። አሁን ግን የረጠበውን ነጠላና የወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጡትን ሴት አየችና ምንም አላመነታችም።

«እናቴን ደህና ነኝ በያት ብሏል» አለች። «በነጠላ ብቻ ዝናብ ውስጥ እንዳትወጣ፣ ብርድ እንዳይመታት ብሏል። ስልኩን ሲያስተካክል እንደሚደውልም ጽፏል።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ። ጥሩብርሃን ሻርፗን አንስታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። የይቅርታ ቃል ከሁለቱም አልወጣም፤ የቂም ቃልም አልወጣም። ለቅሶው ሲያባራ ተነሱ። ሻርፑን እንደለበሱ ወረዱ።

ጥሩብርሃን በሩን ዘግታ መልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ከፈተችው። «ደረስኩ» ይላል አሁንም። ለእናቱ የፈጠረችውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ እውነት እንዲሆን ተመኘች። ለእሷ እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥርላት ሰው ግን አልነበረም።